ድንኳኑ ከመተከሉ በፊት

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



ባለፈው ዓመት ከዚሁ ከመካከላችን ተቀምጠው የነበሩ፣ ዛሬ ግን ስማቸው በመዝገባችን ላይ በቀይ የተሰመረባቸው አሉና ነፍሳቸውን ይማርልን። ለቀረነውም ዕድሜና ጤና ይስጠን።

እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ ስለ ምጽዋትና ስለ ክርስቲያናዊ ኑሮ ነው። እኛ ሰባኪ አይደለንም። ትምህርታችንም ከአንደኛ ደረጃ አላለፈም። ዘመናችንን በጽሕፈት ቤት፣ በመዝገብና በፋይል መካከል አሳልፈን ጡረታ የወጣን ሰዎች ነን። ስለዚህ ስብከቱን ለካህናቱ ትተን በምናውቀው በኩል፣ ማለትም በመዝገብ በኩል እንናገራለን። የምንናገረውም ስማቸው በማንም መዝገብ ላይ ስለሌለ ሰዎች ነው።

እስቲ ሁላችንም ነገ ጧት ከቤታችን ስንወጣ ረጋ ብለን እንይ። በመናኸሪያው በኩል ስናልፍ በየሱቁ በረንዳ ላይ ካርቶን አንጥፈው፣ ማዳበሪያ ለብሰው ያደሩ አሉ። በ12 በሚካኤል፣ በ21 በማርያም፣ በ23 በጊዮርጊስ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ተሰልፈው «ስለ ማርያም፣ ስለ ሚካኤል» የሚሉ አሉ። አእምሮው ታውኮ ብቻውን እየተናገረ የሚዞር አለ። የሊስትሮ ሣጥን ይዞ ከትምህርት ገበታ የቀረ ልጅ አለ። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከየደጁ ቁራሽ የሚለምን የቆሎ ተማሪም አለ፤ እርሱ ግን ትምህርት ፈልጎ የወጣ ነውና ልመናው ራሱ ትሕትና መማሪያው ነው።

ከየት መጡ ብለን ብንጠይቅ ብዙዎቹ ከሩቅ አይደሉም። ከዚሁ ከቦረና ገጠር፣ ከሣይንት፣ ከለጋምቦ፣ ከከላላና ከወግዲ የመጡ ናቸው። እኛ ደገኞች በልግ ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን። የበልጉ ዝናብ ሲቀር ገብሱ ይቀራል፣ ገብሱ ሲቀር በሬው ይሸጣል፣ በሬው ከተሸጠ በኋላ ባለቤቱ ራሱ ጉልበቱን ለመሸጥ ወደ ከተማ ይወርዳል። አንዳንዱ ደግሞ ግጭት ከቀዬው ያፈናቀለው ነው። ዓረብ አገር ሠርታ ቤተሰቧን ልታኖር ሄዳ፣ ጤናዋን አጥታ የተመለሰች፣ ባዶ እጄን ቤቴ አልገባም ብላ ከተማ የቀረች ልጅም ትኖራለች። እነዚህን ሁሉ በአንድ ላይ «የጎዳና ተዳዳሪ» እንላቸዋለን። ጎዳና ግን ማንንም አስተዳድሮ አያውቅም።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ወሎ እንግዳ በመቀበል የታወቀ አገር ነው። በገጠር አባቶቻችን ዘንድ መንገደኛ ሲመሽበት ከአጥሩ ውጪ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ይላል። የቤቱም ጌታ «ቤት የእግዜር ነው፣ ግቡ» ብሎ ያስገባዋል። እግሩ ይታጠባል፣ ካለው ይቀርብለታል፣ ከምድጃው አጠገብ መደብ ይለቀቅለታል። ክርስቲያኑም እስላሙም እንዲህ ነው የሚያደርገው። ታዲያ የእነዚያ ልጆች የሆንነው እኛ ከተማ ስንገባ ይህ ልማድ ለምን ቀረ? ከፍተን ነውን?

እኛ እንደሚመስለን ከተማ ሰውን ክፉ አላደረገውም፤ ቤቱን ግን አጠበበው። በአንዲት የኪራይ ክፍል አምስት ነፍስ ሆኖ የሚያድር ሰው እንግዳ የሚያሳድርበት መደብ ከየት ያመጣል? የገጠሩ መንገደኛ ለአንድ ሌሊት ነው፣ በማግስቱ ይሄዳል። የከተማው ግን ነገም ተነገ ወዲያም እዚያው ነው። ለአንድ ቤት ይከብዳል። ስለዚህ ሰው ሳንቲም ወርወር ያደርግና ፊቱን መልሶ ያልፋል። የሚያልፈውም ጨካኝ ስለሆነ ሳይሆን ብቻውን ምን ማድረግ እንደሚችል ስለማያውቅ ነው።

አሁን ወደ እድራችን እንምጣ። የገጠሩ ወገናችን ቅሬ የሚለው፣ በከተማ እድር ተብሎ የተስፋፋው ማኅበር ለምን ተቋቋመ? አንድ ቤት ብቻውን ሬሳውን አውጥቶ መቅበር፣ ለቀስተኛውንም ማስተናገድ ስለማይችል ነው። አንዱ ድንኳን የለውም፣ ሌላው ወንበር የለውም፣ ሦስተኛው ገንዘብ የለውም። ሁሉም ጥቂት ጥቂት ሲያዋጣ ግን ድሀውም እንደ ባለጸጋው በክብር ይቀበራል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው የተባለው ይኸው ነው። እንግዲህ ለአንድ ቤት የከበደውን ሞት እንዲህ ተጋግዘን ከቻልነው፣ ለአንድ ቤት የከበደውን የጎዳና እንግዳስ ተጋግዘን ለምን አንችለውም? የዛሬው ነገራችን በሙሉ ከዚህች ጥያቄ አይወጣም።

ለዚህም ከመጽሐፍ ምሳሌ አለን። በቤተ ክርስቲያናችን ከሚቆጠሩት ቅዱሳት መጻሕፍት አንዱ መጽሐፈ ጦቢት ነው። ጦቢት በምርኮ አገር በነነዌ የሚኖር ሰው ነበር። በበዓል ቀን መልካም ማዕድ ቀርቦለት ሳለ ብቻውን መብላት አልሆነለትምና ከወገኖቹ መካከል ድሀ ፈልጎ እንዲያመጣለት ልጁን ጦብያን ላከው። ልጁ ግን ተመልሶ ከወገኖቻችን አንዱ ተገድሎ በገበያ ተጥሏል ብሎ ነገረው። ጦቢት ምግቡን ሳይቀምስ ተነሥቶ ሬሳውን አነሣ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅም አቆይቶ ቀበረው። ጎረቤቶቹ ሳቁበት። ይህ ታሪክ እንደ እኛ ላለ ቀባሪ ማኅበር የተጻፈ ይመስላል። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። ጦቢት መጀመሪያ ልጁን የላከው ሬሳ ፍለጋ አይደለም፤ የሚበላ ሰው ፍለጋ ነው። መቅበሩ የመጣው በኋላ ነው። እኛ እድርተኞች የጦቢትን ሁለተኛውን ሥራ በሚገባ ይዘናል። የፊተኛው ነው የቀረን።

ከዚሁ ከሰፈራችን አንድ ነገር እናንሣ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በመናኸሪያው አካባቢ ዕቃ እየተሸከመ የሚኖር አንድ ሰው ነበር። ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ወዛደር» እያለ ነበር የሚጠራው። ለቅሶ በተነሣ ቁጥር የእድሩን ድንኳንና አግዳሚ ወንበር ከመጋዘን አውጥቶ የሚሸከም እርሱ ነበር። ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይፈልጣል፣ ከዚያም ከድንኳኑ ጫፍ ተቀምጦ የተሰጠውን ንፍሮ ይቀምሳል። አንድ ቀን በኅዳር ውርጭ ከበረንዳው ሳይነሣ ቀረ። ወጣቶቹና ሁለት ሽማግሌዎች ከኪሳቸው አዋጡ። አቡጀዲውን የገዙት ሙስሊም ጎረቤታችን ነበሩ። ድንኳን ግን አልተተከለም፤ ደንቡ የሚፈቅደው ለአባል ነዋ። ካህኑ ለፍትሐቱ «ክርስትና ስሙ ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። የመለሰ አልነበረም።

ይህን የምናነሣው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ደንብ ደንብ ነው፣ ደንቡን የሚጥስ እድርም ውሎ አድሮ ይፈርሳል። ነገር ግን ያ ሰው የተቸገረው ድንኳን በማጣቱ አልነበረም። ሬሳ አይበርደውም። የበረደው ከዚያ በፊት በነበሩት ሌሊቶች ነው። ስሙንም ቢሆን በሕይወት ሳለ «ስምህ ማነው? አባትህስ? አገርህስ ወዴት ነው?» ያለው ሰው ቢኖር ኖሮ፣ ካህኑ ሲጠይቁ መልስ ይገኝ ነበር፤ ምናልባትም ዘመድ ይገኝለት ነበር።

እኛ ቦረናዎች በዚህ ረገድ ትልቅ አደራ አለብን። በ14ኛውና በ15ኛው መቶ ዓመት የነበሩት ታላቁ ሊቅ አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ ገዳማቸው በዚሁ በአገራችን ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ በሌሊት የሚቆመው ሰዓታት የእርሳቸው ድርሰት ነው። እንግዲህ አስቡት። ውስጥ ሰዓታቱ በሚቆምበት በዚያው ሌሊት፣ ከቅጥሩ ግንብ ሥር ብርድ የሚያንቀጠቅጠው ሰው ተኝቷል። ውስጥ ያለው ጸሎትና ውጪ ያለው ሰው በአንድ ግንብ ነው የተለያዩት። ጧት ከቅዳሴ ስንወጣ ያንን ግንብ እንሻገረዋለን ወይስ አንሻገረውም? የዕለት ተዕለት እምነት የሚባለው ይህቺው ነች።

ይህን ስንል «ገንዘብ ያላቸው ያድርጉት» የሚል አይጠፋም። ለዚህ መልስ የሚሆን ታሪክ ከዚሁ ከደቡብ ወሎ ምድር ይጀምራል። ክብርት ዶክተር አበበች ጎበና በሰሜን ሸዋ ሸበል አቦ በሚባል ቦታ በ1928 ዓ.ም. የተወለዱ ናቸው። አባታቸው በጣሊያን ጦርነት ሞተው ያለ አባት ነው ያደጉት። ገና በልጅነታቸው ያለ ፈቃዳቸው ቢዳሩም ጠፍተው አዲስ አበባ ገቡ፤ ከዚያም ሥራ ይዘው ይኖሩ ነበር። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1980 ለንግሥ ወደ ግሸን ማርያም ወጡ። ግሸን እኛም የምንሳለማት፣ ከአምባሰል ተራራ ላይ ያለች ቦታ ናት። ያን ጊዜ አካባቢው በረኃብ ተመትቶ ነበር። በእጃቸው የነበረው ዳቦና ጠበል ብቻ ነው። ያንን አካፈሉ። ከሞተች እናቷ አጠገብ የተኛች ሕፃን አይተው፣ እርሷንና አንድ ሌላ ወላጅ የሌለው ሕፃን ይዘው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። በአንድ ዓመት ውስጥ በቤታቸው የነበሩት ልጆች 21 ደረሱ። ዘመድ ተቃወማቸው፣ ትዳራቸው ፈረሰ፣ እርሳቸው ግን ልጆቹን አልተዉም። ከዚያች ከሁለት ሕፃናት የተነሣው ሥራ በስማቸው የሚጠራ ትልቅ የሕፃናት ማሳደጊያና የልማት ማኅበር ሆነ። በሰኔ 2013 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ሲያርፉ አገር ነው ያለቀሰላቸው።

ግሸንን በዚያ ዓመት የተሳለመው ሰው ብዙ ነበር። ረኃቡንም ያላየ የለም። ልዩነቱ ወይዘሮ አበበች ሲመለሱ ያዩትን ጥለው አለመመለሳቸው ነው።

በቅርቡም ቢሆን በአዲስ አበባ አቶ ቢንያም በለጠ የሚባሉ ሰው በ2002 ዓ.ም. ጥቂት ረዳት ያጡ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ከጎዳና አንሥተው በቤተሰባቸው መኖሪያ ቤት ውስጥ ማስጠጋት ጀመሩ። መቄዶንያ የሚባለው ማዕከል እንዲህ ተነሣ። ዛሬ በውስጡ የሚጦሩት ሰዎች በሺህ የሚቆጠሩ ናቸው። የማዕከሉ መፈክር «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» ይላል። ከመላ አገሪቱና ከውጭ አገር ወገን የሚረዳው ይህ ሥራ ሲጀመር ግን ከአንድ ግቢ የሰፋ አልነበረም።

የእድርም ምሳሌ አለ። በኤች አይ ቪ ኤድስ ብዙ ሰው ባለቀበት ዘመን በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች ያሉ ብዙ እድሮች ቀብር ብቻ አይበቃንም ብለው ለታመመው አስታማሚ መላክ፣ ወላጅ ለሞተባቸው ልጆች ደብተርና ልብስ መግዛት ጀምረው ነበር። ስለዚህ የምናቀርበው ነገር ለእድር እንግዳ አይደለም፤ ሌሎች ሠርተው ያሳዩት ነው።

አሁን ደግሞ ስለ አሰጣጥ ጥቂት እንበል። ከፍትፍቱ ፊቱ ይባላል። ከቆመ መኪና ላይ ሳንቲም መወርወርና ጎንበስ ብሎ በእጅ ማስጨበጥ አንድ አይደለም። የሻገተ እንጀራ ሰብስቦ ለነዳይ ማቅረብ ዝክር አይባልም። አሁን አሁን ደግሞ አንድ ዳቦ ሰጥቶ ፎቶግራፍ የሚያነሣ አለ። ያ የሚቀበለው ሰው ልጅ ይኖረው ይሆናል፣ ልጁም ያየው ይሆናል ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ክርስቲያን ነህ ወይስ እስላም ብሎ ጠይቆ መስጠትም ለወሎ ሰው አይሆንም። የበላዔ ሰብእን ታሪክ ሁላችንም በኪዳነ ምሕረት ስንሰማ አድገናል። 78 ነፍስ ያጠፋው ሰው በሚዛን ላይ የቀለለለት በእመቤታችን ስም ለተለመነ ለአንድ ቁስለኛ በሰጠው ጥርኝ ውኃ ነው። ውኃው ብዙ አልነበረም፤ የተሰጠው ግን ሌላው ሰው አይቶ ለሚሸሸው ነው።

መስጠት ሁልጊዜ ገንዘብም አይደለም። እኛ ብዕር ነው ያለን። ማመልከቻ መጻፍ ለማያውቅ ሰው ማመልከቻ እንጽፋለን። መታወቂያ የሌለው ሰው በማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኑ ለመመዝገብ ይቸገራል፣ ነዋሪነቱን የሚመሰክርለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ ሁለት ምስክር ይዞ ቀበሌ ድረስ አብሮት ቢሄድ፣ ከአንድ ኩንታል እህል የማያንስ ምጽዋት ሰጠው ማለት ነው። ነርስ የሆነች ልጅ ያለችን ቁስሉን ታየዋለች። ልብስ ሰፊ የሆነ የተቀደደውን ይጥፋል። ስልክ ያለው ለሣይንት ወይም ለወግዲ ዘመዱ ይደውልለታል። ሁሉም በየሙያው ነው።

ሁለት ተቃውሞ ይነሣል ብለን እናስባለን። የመጀመሪያው «ስንፍናን እናበረታታለን» የሚል ነው። እውነት ነው፣ ጉልበት እያለው የሚለምን ይኖራል። ለእንዲህ ያለው ምጽዋቱ ሥራ ነው። ድንኳን የሚሸከም፣ ወንበር የሚደረድር፣ መጋዘን የሚጠብቅ ሰው ያስፈልገናል። በተመን ከፍለን እናሠራው። የደከመው ሽማግሌና የታመመው ግን ሰነፍ አይደለም፤ እርሱን ሥራ ፈት ማለት ሬሳን ለምን አትነሣም እንደማለት ነው።

ሁለተኛው «የእድሩ ገንዘብ ለአባል ነው» የሚል ነው። ልክ ነው። ስለዚህ ከመደበኛው መዋጮ አንዲት ሳንቲም አይነካ። በፈቃድ የሚሰጥ ሌላ ሣጥን ይኑር። እስቲ በመዝገብ ቤት ሒሳብ እናስላው። አንድ እድር 200 አባላት ቢኖሩትና እያንዳንዱ በወር 5 ብር ቢጨምር፣ በወር 1,000 ብር፣ በዓመት 12,000 ብር ይሆናል። በዛሬ ገበያ ይህ ብዙ ገንዘብ አይደለም። ነገር ግን ውርጭ ሳይገባ ለጥቂት ሰው ብርድ ልብስ ይገዛል፣ ለታመመም የመድኃኒት መግዣ ይሆናል። ሙስሊም ወንድሞቻችን ደግሞ ዘካና ሰደቃ የሚሉት ሥርዓት አላቸው። ሟችን መቅበርም በእነርሱ ዘንድ ከመንደሩ አንድም ሰው ካልፈጸመው ሁሉም የሚጠየቅበት ግዴታ ነው። እነርሱም ከዚህ ሣጥን እንደማይቀሩ እናምናለን።

ስለሆነም ለጉባኤው ሦስት ነገር እናቀርባለን።

አንደኛ፤ ከእድሩ መዝገብ ጎን አንድ ሌላ መዝገብ ይከፈት። በሰፈራችን በጎዳና የሚያድር ሰው ሁሉ ፈቃደኛ ከሆነ ስሙ፣ የአባቱ ስም፣ ክርስቲያን ከሆነ ክርስትና ስሙ፣ አገሩና የዘመዱ አድራሻ ይጻፍበት። ይህን መዝገብ ያለ ክፍያ ለመያዝ እኛ ፈቃደኞች ነን፤ ዐይናችን እስከረዳን ድረስ።

ሁለተኛ፤ የፈቃድ ሣጥኑ ከሦስት ቁልፍ ጋር ይቀመጥ። ቁልፎቹን አንድ ክርስቲያን፣ አንድ ሙስሊምና አንዲት እናት ይያዙ። ገቢና ወጪው በየሦስት ወሩ ለአባላት ይነበብ። በመጀመሪያ የሚገዛውም ብርድ ልብስ ይሁን፤ ከኅዳር በፊት።

ሦስተኛ፤ በዚህ መዝገብ የተጻፈ ሰው ቢሞት እንደ አባል ይቆጠር። ድንኳኑ ይተከልለት፣ ጡሩንባው ይነፋለት፣ እኛም ወጥተን እንቅበረው። ወጪውም ከፈቃድ ሣጥኑ ይሸፈን።

ሦስተኛውን በመጨረሻ ያደረግነው ሆነ ብለን ነው። የፊተኞቹ ሁለቱ በሚገባ ከተሠሩ፣ ሦስተኛው የሚፈጸምበት ቀን ይዘገያል። እኛም የምንመኘው እንዲዘገይ ነው።

ጉባኤው የሚወስነውን በአክብሮት እንቀበላለን። እግዚአብሔር አገራችንን ሰላም ያድርግልን፤ ዝናቡን በወቅቱ ይስጠን፤ በጎዳና ያለውንም ወገናችንን ከቤት ያግባልን። የከርሞ ሰው ይበለን።